ሆፕስ የበዛበት ቢራ ከታሸገ በኋላ፦ እስከ መቼ ይጠጣል? እንዴትስ ይቀመጣል?

አይፒኤ የሚባለውን ወይም ሌላ ሆፕስ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ) የበዛበት ቢራ ስትገዙ ከስሙና ከዋጋው በፊት የታሸገበትን ቀን ፈልጉ። የሆፕስ መዓዛ ልክ እንደ ተፈጨ ቡና ነው፤ ከታሸገበት ሰዓት ጀምሮ እየሳሳ ይሄዳል። ፍጥነቱን የሚወስኑት ሙቀት፣ ሲታሸግ አብሮ የገባው ኦክስጅንና ብርሃን ናቸው። ኦክስጅኑ የጠማቂው ኃላፊነት ነው። ብርሃኑን ጣሳ ሙሉ በሙሉ ይከለክላል። ሙቀቱ ግን በሻጩና በእናንተ እጅ ነው፤ ብዙ ጥሩ ቢራ የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

ያረጀ አይፒኤ አያሳምምም። አልኮሉ፣ አሲዳማነቱና ሆፕሱ ራሱ በሽታ አምጪ ተህዋስያን እንዳይራቡበት ያደርጋሉ። የሚጠፋው ገንዘብ የተከፈለበት ነገር፣ ማለትም መዓዛው ነው። እዚህ የምንለው ሁሉ ለጠላና ለጠጅ እንደማይሠራም ልብ በሉ፤ ጌሾ ከሆፕስ ጋር የማይዛመድ ተክል ነው፣ ምሬቱም ከሌላ ውህድ የሚመጣ ነው።

ስንት ሳምንት?

የሚከተሉት ቁጥሮች ከታሸገበት ቀን ጀምሮ ከ1 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ፍሪጅ ውስጥ ለቆየ ቢራ ነው።

ቶሎ የሚደክመው ድፍርሱ፣ ሄዚ የሚባለው አይፒኤ ነው። ምርጥ ጊዜው እስከ 5ኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ እስከ 8ኛው ሳምንት ደስ ብሎ ይጠጣል፣ ከዚያ በኋላ ዕድል ነው። ምክንያቱ አለው። ብቅሉ ውስጥ የሚገባው አጃና ስንዴ፣ እንዲሁም በሊትር 15 ግራምና ከዚያ በላይ በብርዱ፣ ማለትም ከፈላ በኋላ፣ የሚጨመረው ሆፕስ ማንጋኒዝ የተባለ ማዕድንና ፖሊፌኖል የተባሉ የዕፅዋት ውህዶች ያመጣሉ። ማንጋኒዙ የኦክስጅንን ሥራ ያፋጥናል፣ ፖሊፌኖሉ ደግሞ ኦክስጅን ሲያገኝ ይጠቁራል። በሌላ በኩል በጣም ትኩስ መሆኑም ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያልረጋው የሆፕስ ብናኝ ጉሮሮ ይከረክራል። ከታሸገ አንድ ሳምንት ያልሞላው ሄዚ ካጋጠማችሁና ከከረከራችሁ ቀሪውን ጣሳ ጥቂት ቀን በፍሪጅ አቆዩት።

የጠራውና መራራው የዌስት ኮስት አይፒኤ 2 ወር ያህል በጥሩ ሁኔታ፣ 3 ወር ደግሞ በሚጠጣ ሁኔታ ይቆያል። ሆፕሱ መጠነኛ የሆነ ፔል ኤል ከ3 እስከ 4 ወር ይሄዳል። ደብል አይፒኤ አልኮሉ 8 በመቶ ስለሆነ ይቆያል ብለው የሚያስቀምጡ አሉ፤ አልኮል የሆፕስን መዓዛ አይጠብቅም። ለዓመታት ቢቀመጥ የሚያምርበት ኢምፔሪያል ስታውትና ባርሊዋይን የሚባለው ጠንካራ ቢራ ነው፣ አይፒኤ አይደለም። በካሊፎርኒያ ራሺያን ሪቨር የሚባለው ጠማቂ ፕላይኒ ዘ ኤልደር በተባለው ደብል አይፒኤው ጠርሙስ ላይ አታስቀምጡት፣ ቶሎ ጠጡት ብሎ የሚጽፈው፣ ስቶን የተባለው ጠማቂም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «እስከዚህ ቀን ጠጡት» የሚል ስም የሰጠውን አይፒኤ በ35 ቀን የገደበው በዚህ ምክንያት ነው። ጊዮርጊስን፣ ሐረርን ወይም ዳሸንን የመሰሉት፣ ላገር የሚባሉት የተለመዱ ቢራዎቻችን መጀመሪያውኑ የሆፕስ መዓዛቸው ትንሽ ስለሆነ የሚያጡትም ትንሽ ነው፤ ወራትን የሚታገሡት ለዚያ ነው።

ቀኑን ማንበብ

የመጠቀሚያ ጊዜው የሚያበቃበት ቀን ብዙም አይረዳም፤ አንዱ ጠማቂ 90 ቀን ይሰጣል፣ ሌላው 6 ወር። የሚያስፈልገው የታሸገበት ቀን ነው። በጣሳ ከሆነ ታችኛውን ሥር፣ በጠርሙስ ከሆነ አንገቱን ወይም የወረቀቱን ጠርዝ እዩ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ቢራ ላይ ቀን እንዲጻፍ ስለማያስገድድ ጭራሹኑ የሌለውም አለ፤ ቀን የሌለው አይፒኤ ባይገዛ ይሻላል።

በአሜሪካ 03/04 ማለት ማርች 4 ነው፣ በአውሮፓ ግን ኤፕሪል 3። አንዳንዱ ደግሞ የዓመቱን ስንተኛ ቀን መሆኑን ብቻ ይጽፋል፦ «123 25» ማለት የ2025 123ኛ ቀን፣ ማለትም ሜይ 3 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.።

ሙቀት

ጠማቂዎች 3-30-300 የሚሉት ሕግ አለ፤ በ32 ዲግሪ ለ3 ቀን የቆየ ቢራ፣ በ22 ዲግሪ ለ30 ቀን ከቆየውና በ3 ዲግሪ ለ300 ቀን ከቆየው ጋር እኩል ያረጃል የሚል። ቀመሩ ግምታዊ ነው፣ ለአይፒኤም 300 ቀን ዋስትና አይሰጥም። ልዩነቱን ግን በደንብ ያሳያል። አዲስ አበባ ውስጥ በጓዳ የተቀመጠ ጣሳ ወር ያህል ሊታገሥ ይችላል፤ ድሬዳዋ ላይ ከፍሪጅ ውጭ የዋለ፣ ወይም ዋሽንግተን አካባቢ በሐምሌ ፀሐይ የመኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ የከረመ ግን በቀናት ውስጥ ያልቅለታል።

አንድ ሰፊ ስሕተት እዚህ ላይ ይታረም። ቀዝቅዞ የነበረ ቢራ ሞቆ እንደገና ቢቀዘቅዝ ወዲያው ይበላሻል የሚባለው እውነት አይደለም። የሚቆጠረው በሙቀት ያሳለፈው ጠቅላላ ጊዜ ነው። ከሱቅ እስከ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ ምንም አያደርገውም፤ በሱቁ መደርደሪያ ላይ ሳይቀዘቅዝ የቆየበት አንድ ወር ግን ያደርገዋል። ስለዚህ ከመደርደሪያው ሳይሆን ከሱቁ ፍሪጅ ውሰዱ። ቤት ስትገቡም ፍሪጅ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ፣ በረዶ ቤት ግን በፍጹም፤ ከዜሮ በታች ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ላይ በረዶ መሆን ይጀምራል።

ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ የምትወስዱ ከሆነ ዋዜማውን ግዙ፣ አቀዝቅዙ፣ በሚመዘነው ሻንጣ መሐል በልብስ ጠቅልሉ። የአንድ ቀን ጉዞ አይጎዳውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ ቢራውም ሲከፈት የበለጠ አረፋ ያወጣል፤ ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይደር።

ብርሃን

የሆፕሱ የምሬት ውህዶች በቢራው ውስጥ ካለው ቫይታሚን ቢ2 ጋር ሆነው ብርሃን ሲያገኙ ድኝ ያለበት ከባድ ሽታ ይፈጥራሉ፤ አሜሪካኖች ስከንክ ከሚባለው አውሬ ሽታ ጋር ያመሳስሉታል። ቡናማ ጠርሙስ አብዛኛውን ጎጂ ብርሃን ያስቀራል፣ አረንጓዴው ጥቂቱን ብቻ፣ ነጩ ምንም አያስቀርም። በቀጥታ ፀሐይ ላይ ለዚህ ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ በረንዳ ላይ በብርጭቆ ተቀድቶ የቆመ አይፒኤም አያመልጥም። ብርጭቆውን ጥላ ውስጥ አድርጉት።

ያረጀውን መለየት

በንጹሕ ብርጭቆ ቅዱና ከመቅመሳችሁ በፊት ቀለሙን እዩ። ጤነኛ ሄዚ የገለባ ወይም የብርቱካን ጭማቂ ቢጫ ነው፤ ኦክስጅን የበላው ወደ ግራጫና የተላጠ ሙዝ ሲጠቁር ወደሚያሳየው ቡናማ ይሄዳል። ከዚያ አሽትቱ። መጀመሪያ የሚጠፋው የማንጎው፣ የብርቱካን ልጣጩና የጥዱ መዓዛ ነው። በባዶው ቦታ ማር ማር፣ ካራሜል ካራሜል የሚል ጣፋጭነት ይመጣል። ቆይቶ ወረቀት ወረቀት፣ የረጠበ ካርቶን ካርቶን ይላል። ምሬቱም ሳይጠፋ ይለወጣል፤ ጥርት ብሎ ያልቅ የነበረው ምላስ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ሻካራ ይሆናል።

ቤት ውስጥ ለምትጠምቁ

ጥሩ ፋብሪካዎች በአንድ ዕቃ ውስጥ የሚቀረውን ጠቅላላ ኦክስጅን በቢሊዮን ከ50 እጅ በታች ለማድረግ ይጥራሉ። በ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ የምትቀር 1 ሚሊ ሊትር አየር ብቻዋን 0.28 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ትይዛለች፤ ይህም በቢሊዮን 850 እጅ ገደማ ነው፣ የገደቡ 17 እጥፍ። በቤት የተጠመቀ ሄዚ በሁለት ሳምንት የሚጠቁረው ለዚህ ነው።

ኬግ (የቢራ በርሜል) ካላችሁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከላይ መንፋት ብቻ አይበቃም፣ ጋዙ ከአየሩ ጋር ይቀላቀላልና። 19 ሊትሩን ኬግ በማጽጃ ውህድ እስከ አፉ ሙሉት፣ ክዳኑን ዝጉ፣ ከዚያ ውህዱን በጋዙ ግፊት ገፍታችሁ አስወጡት። ቢራውንም ክዳን ሳትከፍቱ በቱቦ ከታች አስገቡ። ኦክስጅንን የሚይዝ ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት 0.3 ግራም ለ19 ሊትር ቢጨመር ይረዳል፤ ሰልፋይት የማይስማማው ሰው ካለ ግን ተዉት፣ ወይም ቀድማችሁ ንገሩት።

በጠርሙስ ከሆነ መቅጃ ቱቦውን እስከ ሥሩ አስገቡ፣ ከላይ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ተዉ፣ አረፋው አፉ ላይ እያለ ቆርኪውን ምቱ። ለጋዝ በሊትር 6 ግራም ያህል ስኳር ይበቃል። እርሾው ኦክስጅኑን በከፊል ይበላላችኋል፣ ነገር ግን ጋዝ እስኪይዝ በ20 ዲግሪ ሁለት ሳምንት መቆየት አለበት፤ ለዌስት ኮስት ይሄዳል፣ ለሄዚ ግን ምርጡን ጊዜ ይበላዋል።

አትቸኩሉ ደግሞ። በብርዱ የሚጨመር ሆፕስ ያልተብላላውን ስኳር የሚቆርጡ ኢንዛይሞች አሉት፣ እርሾው እንደገና ይነሣል። የቀረውን ስኳር በሚያሳየው ሃይድሮሜትር ለተከታታይ 3 ቀን ንባቡ ካልተለወጠ ብቻ አሽጉ። አለበለዚያ ቢራው ቅቤ ቅቤ ይላል፤ ጠርሙሱም ሊፈነዳ ይችላል።

ከቧንቧ በግራውለር (ተሸክመው በሚወስዱት ትልቅ ጠርሙስ) የተቀዳ ቢራ በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ሲቀዳ አየር ስለሚገባው በ2 ወይም 3 ቀን፣ ከተከፈተ ደግሞ በዚያው ዕለት ይጠጣ።

ሙቀት የሚያደርገውን በራሳችሁ ምላስ ለማወቅ በአንድ ቀን የታሸጉ ሁለት ተመሳሳይ ጣሳዎች ግዙ። አንዱን ፍሪጅ፣ ሌላውን ቁም ሣጥን ውስጥ ለሦስት ሳምንት አቆዩ። የቁም ሣጥኑን በዋዜማው አቀዝቅዙ፣ ሁለቱንም ሌላ ሰው በማይታወቁ ብርጭቆዎች ይቅዳላችሁ፤ ከዚያ አሽትቱና የትኛው የትኛው እንደሆነ ለዩ።