በጭቃ፣ በጭድና በቁርጥራጭ ዕቃ ቅርጽ ለሚሠሩ ተማሪዎች፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ከነሐስ፣ ከድንጋይና ከእንጨት ወጥተው በሌሎች ቁሶች ቅርጽ መሥራት ለጀመሩ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። የመሣሪያ አያያዝን፣ የመነጽርንና የጓንትን ነገር እንዲሁም የብየዳን መሠረታዊ ሥርዓት አንባቢው ያውቃል ተብሎ ታልፏል። ለጥገና ከሚመጡት ሥራዎች አብዛኞቹ የሚመጡት በአንድ ችግር በመሆኑ፣ ሰፊው ቦታ የተሰጠው ለእርሱ ነው።

ምልክት፦ የጭድ ጭቃ ቅርጽ ሲደርቅ ይሰነጠቃል

ተማሪው ሁልጊዜ የሚወቅሰው ጭቃውን ነው። ስንጥቁን እንዳየም ሲሚንቶ ወይም ኮላ ፍለጋ ይሮጣል። ነገር ግን የስንጥቁ መልክ መንስኤውን ስለሚያሳይ፣ ማንኛውም ነገር ከመቀባቱ በፊት ስንጥቁ በደንብ ይታይ።

ስንጥቁ ረጅምና ቀጥ ያለ ሆኖ በአንገት፣ በክንድ ወይም በእግር ርዝመት የሚወርድ ከሆነ፣ ጥፋቱ ያለው ከውስጥ በተቀመጠው ብረት ላይ ነው። ጭቃ ሲደርቅ እንደ አፈሩ ዓይነት ከርዝመቱ 5፣ አንዳንዴም 10 በመቶ ያህል ይኮማተራል፤ ፌሮ (የግንባታ ብረት) ግን አይኮማተርም። ጭቃው ዙሪያውን እየጠበበ ሲመጣ ብረቱ ስለማይሸሽለት፣ በሳሳው በኩል ይቀደዳል። አንድ ተማሪ በሰው ቁመት የተቀመጠች ሴት ሠርቶ፣ ለአንገቷ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ያለ ምንም መጠቅለያ አቁሞ ነበር። ከአገጯ እስከ ደረቷ በተሰነጠቀች ጊዜ ስንጥቁን በኮላና በሰጋቱራ ሞላው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጭቃው ከሙሌቱ አጠገብ እንደገና ተሰነጠቀ፤ ኮላው ግን ንቅንቅ አላለም። ጠንካራ ሙሌት ስንጥቅን አያድንም፤ ወደ ጎን ያዛውረዋል እንጂ።

የጭቃ ቤት ግድግዳ ለዓመታት የሚቆመው ለምን እንደሆነ ማጤን እዚህ ላይ ይጠቅማል። ማገሩ ሻካራ እንጨት ነው፤ ጭቃው በማገሩ መካከል ዘልቆ ከሁለቱም ወገን ስለሚጨብጠው፣ በደረቀ ጊዜ እንጨቱን ይዞ ይጠነክራል። ለስላሳ ፌሮ ግን ለጭቃ የሚጨበጥ ነገር አይሰጠውም። ስለዚህ ብረቱን በመጀመሪያ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) መቀባት፣ ሲደርቅ በቃጫ ወይም በተቀደደ ጆንያ ደጋግሞ መጠቅለል፣ ከዚያም በቀጭን ጭቃ የተነከረ ጭድ በላዩ ማሰር ያስፈልጋል። ይህ ለስላሳ መደብ ጭቃው በሚኮማተርበት ጊዜ ተጨፍልቆ ቦታ ይሰጠዋል። አንቲረስቱን መዝለል አይገባም፤ እርጥብ ጭቃ ውስጥ የገባ ባዶ ሽቦ ዝገቱን አሳልፎ ፊቱን በቡናማ ነጠብጣብ ያበላሸዋል፤ ይህም ነጠብጣብ በየትኛውም ቀለም ላይ ተመልሶ ይወጣል።

ስንጥቁ እንደ መረብ ቀጫጭን ሆኖ ፊቱን በሙሉ የሸፈነ ከሆነ፣ ወይ አፈሩ ከመጠን በላይ ሸክላነት አለው፣ ወይ ጭዱ አንሷል፣ ወይም ሥራው በፀሐይ ደርቋል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የመሠረት ቁፋሮ ባለበት ሁሉ በነፃ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም፤ ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ መሬቱ ላይ የሚታየው ጠባዩ በቅርጹም ላይ ይደገማል። በነፃ ተገኘ ተብሎ አንድ መኪና ዋልካ አስጭኖ የመጣ ተማሪ፣ ለአሸዋና ለጭድ ያወጣው ገንዘብ ቀይ አፈር ሊገዛበት ይችል ነበር።

አፈሩን ለመፈተን 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የእንጨት ፎርማ ሠርቶ፣ የተቦካውን ጭቃ ሞልቶ፣ በጥላ ማድረቅና መለካት ነው። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ካጠረ አሸዋና ጭድ ይጨመርበት፤ ሲጠፈጠፍ የሚፈረካከስ ከሆነ ደግሞ አሸዋው በዝቷል። ይህን ፈተና የሚዘል ተማሪ ውጤቱን በትልቁ ቅርጽ ላይ ያየዋል።

የጭቃው መብላላት ብዙዎች የሚያቃልሉት፣ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ጉዳይ ነው። የጤፍ ጭድ ከአፈርና ከውኃ ጋር በእግር ተረግጦ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ በየጥቂት ቀኑ እየተገላበጠ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቆይ ጭዱ ይለሰልሳል፣ ጭቃው ይጠቁራል፣ ሽታውም ይከረፋል። ያን ጊዜ ጥቂት ቆንጥሮ በጣቶች መካከል ሲሳብ ሳይበጠስ ይለጠጣል፤ ጭዱ ከጭቃው ተለይቶ አይታይም። ጠዋት ተቦክቶ ከሰዓት በኋላ የሚለጠፍ ጭቃ ይህን ጠባይ የለውም። የስንዴ ወይም የገብስ ጭድ ወፍራም ስለሆነ አጠር አጠር ተደርጎ መቆረጥ አለበት። ከመረገጡ በፊት አፈሩ በወንፊት ይነፋ፤ ከግንባታ ቦታ የመጣ አፈር ጠርሙስና ምስማር አያጣም፣ የሚረግጠውም ባዶ እግር ነው።

በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ መካኒሳ ውስጥ የተከፈተውን፣ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ የመሠረቱትን ዞማ ሙዚየም የጎበኘ ሰው፣ በጭቃና በጭድ የተሠሩትን ግድግዳዎችና በላያቸው የወጡትን ቅርጾች ቀርቦ ቢያይ ይህ ቁስ ምን ያህል ጥራት ሊሰጥ እንደሚችል ይረዳል። ተማሪዎች ቅርጹን ወስደው የዝግጅቱን ጊዜ ይተዉታል።

ሦስተኛው የስንጥቅ ዓይነት ክብ ሆኖ እንደ ቅርፊት የሚነሣው ነው። በጣት ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። መንስኤው አዲሱ ምርጊት በደረቀ ፊት ላይ መለጠፉ ነው። የቀደመው ንብርብር ተጭሮ፣ በውኃ ርሶ፣ በቀጭን ጭቃ ከተቀባ በኋላ ብቻ ቀጣዩ ይለጠፍ፤ አንዱ ንብርብርም ከ2 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። የተነሣው ቅርፊት ተጠርጎ ካልወጣ በቀር በላዩ የሚደረግ ጥገና ሁሉ አብሮት ይወድቃል።

ለጥገናው የሚያስፈልገው ያው የተብላላ ጭቃ ነው። ስንጥቁ በቢላ ሰፋ ተደርጎ ጠርዙ ይነከር፤ ውኃውን መጥጦ ሲጨርስ እንደገና ይነከር፤ ከዚያ በጭድ የበለጸገ ጠጠር ያለ ጭቃ በጣት ተጠቅጥቆ ይግባ። ለመጨረሻው ልስን እበት መጨመር ፊቱ እንዳይሰነጠቅ በእጅጉ ይረዳል። ሲሚንቶ ግን አይነካ። ለኤግዚቢሽን የተቻኮለ አንድ ተማሪ ሙሉ ቅርጹን በሲሚንቶ ለስኖ ነበር፤ የሲሚንቶው ቆዳ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ቆየና በመጨረሻ እንደ ሰሌዳ ተገንጥሎ ወደቀ፣ አፍንጫውንም ይዞት ሄደ።

ማድረቅን በተመለከተ፣ ጥላና ቀስ ያለ አየር ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ እንደ ጆሮና ጣት ያሉ ቀጫጭን ክፍሎች ከወፍራሙ አካል ቀድመው እንዳይደርቁ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈኑ። ከሥሩ ከሰል አንድዶ ለማድረቅ የሞከረ ተማሪ ሌሊቱን ቅርጹ ለሁለት ተከፍሎ አግኝቶታል፤ ዝግ ክፍል ውስጥ ያደረገው በመሆኑ ደግሞ ራሱም በጭሱ ሊሞት ይችል ነበር። መድረቁን ለማወቅ ጉንጭን ማስጠጋት ይበቃል፦ ቅዝቃዜ ካለ ውኃው ገና እየተነነ ነው። ቫርኒሽም ሆነ የተልባ ዘይት ከዚያ በፊት ከተቀባ ይላጣል።

ሌሎች የሚገጥሙ ችግሮች

ፎም በማስቲሽ ሲጣበቅ ይቀልጣል። በማስቲሹ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ፎሙ የተሠራበትን ፖሊስታይሪን ስለሚያሟሟው ነው፤ በውኃ የሚቀጥን ነጭ ኮላ ይጠቀሙ፣ የሚረጭ ቀለምም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል።

ጀሶ ሳይጠነክር እንደ ዱቄት ይቀራል። ከረጢቱ እርጥበት ስቧል፤ ነጋዴው አፉን ከፍቶ በኪሎ የሚሸጠው ጀሶ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፣ ዋጋውን ግን አይቀንስም። እጅን በወፍራም ጀሶ ውስጥ ቀብሮ ቅርጽ ማውጣት የተከለከለ ነው፤ ሲጠነክር እስከ 60 ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል፣ እጁም አይወጣም።

የወረቀት ጭቃ ይሻግታል። ሳስቶ ይለጠፍ፣ በነፋሻ ቦታ ይድረቅ።

አሮጌ የጣሪያ ቆርቆሮ ከተበየደ በኋላ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይላል። ወባ አይደለም፤ ቆርቆሮው የተለበጠበት ዚንክ ጭስ ነው። ብየዳው በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ልባጡ ተፍቆ ይነሣ፣ ሥራውም ሜዳ ላይ ይሁን። ወተት መጠጣት ከዚህ ጭስ አያድንም፤ ብየዳ ቤት ውስጥ የሚነገረው ሁሉ ይህን አይለውጠውም። የመተንፈስ ችግር ከመጣ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ከመርካቶው ምናለሽ ተራ የተገዛ የኤሌክትሪክ ገመድ መዳቡ እንዲወጣ ሲቃጠል ጥቁር ጭስ ይወጣል። የፒቪሲው (የፕላስቲኩ) ልባስ የሚያወጣው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል፤ ልባሱ በቢላ ይላጥ። የኮምፒውተር ሰሌዳ ሲቆረጥ የሚወጣው አቧራም እርሳስና የመስታወት ክር ስላለበት ውኃ እየረጩና ጭንብል ለብሰው ይቁረጡ፤ በዚያው ልብስ እንጀራ አይበላም።

የደረቀ የጭቃ ቅርጽ በሚጓጓዝበት ጊዜ እግሩ አካባቢ ይሰነጠቃል። ብዙዎች አንገቱን ወይም ክንዱን ይዘው ያነሡታል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ውስጠኛው ብረት በወፍራም የእንጨት መደብ ላይ በብሎን ይታሰር፣ ለማንሣትም መደቡ ብቻ ይያዝ፤ በፒክአፕ ሲጫን ቆሞ፣ ከሥሩ ስፖንጅ ተነጥፎለት፣ ከመደቡ በኩል በገመድ ታስሮ ይሂድ።