«ፋይበር ግላስ» ተብሎ የመጣ ዕቃ ታሪፉ ሲያከራክር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ደብረ ብርሃን የሚራገፈው የፋይበር ግላስ ዕቃ ዓይነቱ ብዙ ነው። ለውሃ ታንከር የሚሆን ማት (እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ የመስታወት ክር) አለ፣ ለልስን የሚሆን መረብ አለ፣ ብርድ እንዲከላከል ጣሪያ ሥር የሚነጠፍ ቢጫ ሱፍም አለ። ኢንቮይሱ ላይ ግን ሁሉም በአንድ ስም ይጠራሉ። ዕቃን በቁጥር የሚመድበው የጉምሩክ የታሪፍ መጽሐፍ በበኩሉ ክሩ ከርሯል ወይ፣ በምን ተያያዘ፣ ስፋቱ ስንት ነው፣ ከምን ተሠራ እያለ ነው የሚጠይቀው። ከዚህ በታች ያሉት በብዛት የሚያጋጥሙ ችግሮች ናቸው።

ምልክት፦ ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ ማስታወቂያ) «የዕቃው መግለጫ በቂ አይደለም» ተብሎ ይመለሳል፤ ወይም ኮንቴይነሩ ለፍተሻ ይከፈታል

መንስኤው ኢንቮይሱ ነው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የታሪፍ እትም የመስታወት ክር በሚመደብበት በ70.19 ሥር ብቻ 18 ባለስድስት አሃዝ ቁጥሮች አሉ፤ «ፋይበር ግላስ ጥቅል» የሚል መግለጫ ከአንዳቸውም ጋር አይገጥምም። መፍትሄው ዕቃው ከመጫኑ በፊት አቅራቢው መግለጫውን እንዲያስተካክል ማድረግ ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ኢ-ግላስ፣ የተቆራረጠ ክር ማት፣ በዱቄት ማጣበቂያ የተያያዘ፣ 450 ግራም በካሬ ሜትር፣ ስፋት 104 ሴንቲ ሜትር» (ኢ-ግላስ የመስታወቱ ዓይነት ነው)። ይህ አንድ መስመር ከሌለ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ናሙና ለማሳየት ከደብረ ብርሃን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ መመላለስ ሊመጣ ነው።

ምልክት፦ ማት ተብሎ የተመዘገበው ዕቃ «ጨርቅ ነው» ተብሎ ቁጥሩ ይቀየራል

አብዛኛው ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ማት፣ የሮቪንግ (ያልከረረ የመስታወት ክር) ሽምን እና የፈትል (የከረረ ክር) ሽምን በጥቅሉ ሲታዩ ሦስቱም ነጭና የሚያብረቀርቁ ስለሆኑ በዓይን ብቻ የሚመድብ ሰው ይሳሳታል። ባና ለሚሠራ የመንዝ ሰው ልዩነቱን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ድርና ማግ ያለው ሽምን ነው፣ የሌለው አይደለም።

በመጀመሪያ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው በወርቅ ሚዛን ይመዝኑና በ100 ያባዙ። 4.5 ግራም ከሆነ 450 ግራም በካሬ ሜትር ማለት ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ለዚህ አይሆንም፣ ግማሽ ግራም አያይም።

ቀጥሎ ከጠርዙ ክር ይሳቡ። አጫጭር ክሮች ወደ ሁሉም አቅጣጫ ተበትነው ከተገኙ ማት ነው። ቀጥሎ የሚጠየቀው በምን ተያያዘ የሚለው ነው፦ የስፌት ክር ከታየ ወይም በመርፌ የተወጋ ከሆነ 7019.14፣ በማጣበቂያ የተያዘ ከሆነ 7019.15። ከተጠራጠሩ ስታይሪን (ማጣበቂያውን የሚያሟሟ ፈሳሽ) ጠብ ያድርጉበት። ለፖሊስተር ሬዚን የተሠራ ማት ማጣበቂያው ስለሚሟሟ ክሮቹ ይላቀቃሉ፤ በስፌት የተያዘው ግን እንዳለ ይቆያል። ስታይሪን የሚነካው አየር ባለበት ቦታ፣ ከእሳት ርቆ፣ በጓንት ነው። በካሬ ሜትር ከ30 እስከ 50 ግራም የሚመዝን ስስ፣ ወረቀት መሰል በማጣበቂያ የተያዘ ገጽ ከሆነ ደግሞ 7019.71 ነው።

ድርና ማግ ካለው ክሩን ይመልከቱ። ጠፍጣፋና ያልከረረ ከሆነ ሮቪንግ ነው፤ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ የሮቪንግ ጨርቅ 7019.61 ይገባል። ሮቪንጎቹ ሳይሸመኑ በተለያየ አቅጣጫ ተደራርበው በቀጭን ክር የተሰፉ ከሆነ ግን 7019.62 ነው። ብዙ ትራንዚተር ይህንኑ ዓይነት «ሽምን» ብሎ ይጽፈዋል፤ ክሮቹ ግን እንደ ድርና ማግ አልተጠላለፉም። ከከረረ ፈትል፣ ማጉ አንዱን ድር ከላይ ቀጣዩን ከታች እያለፈ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነው 7019.63 ነው፤ ከተቀባ ወይም ከተለበጠ 7019.64 ይሆናል።

በቦቢን የመጣ ሮቪንግ ከሆነ 10 ሜትር ቆርጠው ይመዝኑ። ቴክስ የ1,000 ሜትር ክብደት በግራም ስለሆነ፣ 24 ግራም ከመዘነ 2,400 ቴክስ ነው። ቁጥሩ 7019.12። ተቆራርጦ የመጣና ርዝመቱ ከ50 ሚሊ ሜትር የማይበልጠው 7019.11 ይገባል።

ምልክት፦ የልስን መረብ ወይም የትንኝ ወንፊት ወደ ፕላስቲክ ወይም ጨርቃ ጨርቅ ይላካል

መረቡ በፕላስቲክ ስለተነከረ ሲዳሰስ ፕላስቲክ ይመስላል። ጫፉን ለኩሰው ይዩ። ቀለጠና ተንጠባጠበ? ፖሊስተር ነው፣ በእርግጥም ወደ ጨርቃ ጨርቅ ክፍል ይሄዳል። ሽፋኑ ተቃጥሎ የክሩ አጽም ከቀረ መስታወት ነው፤ የመስታወት ክር ጨርቅ ደግሞ ቢቀባም በ70.19 ይቆያል። ክፍት ሽመና ሆኖ ስፋቱ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ (የጂፕሰም መገጣጠሚያ ቴፕ ዓይነቱ) 7019.65፣ ከዚያ ከሰፋ 7019.66።

ምልክት፦ የአቅራቢው ቁጥር መጽሐፉ ውስጥ የለም

7019.31፣ 39፣ 40፣ 51፣ 52 ወይም 59 ካዩ ኢንቮይሱ የተዘጋጀው በአሮጌ እትም ነው። ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ እነዚህ ተሰርዘዋል። አንድ በአንድ የሚተካ ቁጥር ስለሌለ ከላይ ባለው አሠራር እንደ አዲስ ይመድቡ። መጨረሻ ላይ የሚጨመሩት አሃዞችና የቀረጥ መጠኑ ግን የሚነበቡት ሥራ ላይ ካለው የአገር ውስጥ የታሪፍ መጽሐፍ ነው።

ምልክት፦ የጣሪያ ሱፉ 7019.80 (የመስታወት ሱፍ) ነው ወይስ 68.06 (የድንጋይና መሰል የማዕድን ሱፍ)?

ቀለሙ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። የምዕራፍ 70 ማስታወሻ 4 የሚለው ይህ ነው፦ ሲሊካው በክብደት 60 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ የመስታወት ሱፍ ነው። ከ60 በታች ቢሆንም የአልካላይን ኦክሳይዱ (የፖታሲየም ወይም የሶዲየም) ከ5 በመቶ ከበለጠ፣ ወይም የቦሪክ ኦክሳይዱ ከ2 በመቶ ከበለጠ አሁንም የመስታወት ሱፍ ነው። ይህን የማያሟላው፣ ለምሳሌ ሮክ ውል (የድንጋይ ሱፍ)፣ 68.06 ይገባል። ስለዚህ ከአቅራቢው የኬሚካል ይዘት ምርመራ ወረቀት ይጠይቁ። የሙቀት መከላከል አቅሙን ብቻ የሚናገር ካታሎግ እዚህ ዋጋ የለውም።

ምልክት፦ ታንከሩ ወይም ብርሃን አስገቢው ቆርቆሮ በ7019.90 («ሌሎች» የመስታወት ክር ዕቃዎች) ተመዝግቦ ውድቅ ይሆናል

በሬዚን ጠጥሮ የደረቀ ዕቃ የመስታወት ክርነት ባሕርዩን አጥቷል፤ ወደ ምዕራፍ 39 (ፕላስቲክ) ይሄዳል። ከ300 ሊትር በላይ የሚይዝ ታንከር 3925.10 ነው።

የኢንተርኔት ፋይበርም መስታወት ቢሆን 70.19 አይደለም። እያንዳንዱ ክር ለብቻው የተሸፈነበት ኬብል 8544.70፣ ሌላው 9001.10 ነው።

ክርክሩ ካልተቋጨ ከዚሁ ጭነት የተቆረጠ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ናሙና በፕላስቲክ አሽገው የዲክላራሲዮን ቁጥሩን ይጻፉበት፣ ከአቅራቢው የቴክኒክ ወረቀት ጋር አያይዘው ውሳኔውን በጽሑፍ ይጠይቁ። የናሙናውን ሁለተኛ ቁራጭ እርስዎ ጋ ያስቀሩ።