ደረጃቸው የተለያየ ጎልማሶችን በአንድ ክፍል እንግሊዝኛ እንዴት እናስተምር?

ምሽት 12 ሰዓት ላይ ክፍሉ ይሞላል። ከፊት 12ኛ ክፍል የጨረሰ ወጣት አለ። ሰዋስው ያውቃል፤ በእንግሊዝኛ ሲያናግሩት ግን ላብ ያጠምቀዋል። አጠገቡ ዱባይ ሠርታ የተመለሰች እህት ተቀምጣለች። እሷ ወሬውን ታንበለብለዋለች፤ ጻፊ ሲሏት እጇ ይተሳሰራል። ከኋላ ኤቢሲዲን ገና የሚለዩ አባት አሉ። ከነዚህ ማን ነው ጎበዝ?

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ፈተና አትስጡ። እያንዳንዱን ሰው ሁለት ሁለት ደቂቃ አነጋግሩ። ከዚያ ስም፣ ስልክና ሥራ የሚሞላበት አጭር ቅጽ ስጡ። መናገርን፣ ማዳመጥን፣ ማንበብንና መጻፍን ለየብቻ መዝግቡ። ያችን እህት በጽሑፏ ብቻ ለክታችሁ ፊደል ስታስቆጥሯት ብትውሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት ትቀራለች።

ቀጥሎ ለሁሉም አንድ ጽሑፍ ምረጡ። ለየቡድኑ የተለያየ ትምህርት ማዘጋጀት መምህሩን ይጨርሰዋል፤ ደካማ የተባለውንም ያሸማቅቃል። የሚለያየው ሥራው ይሁን። እኔ የምወደው የመድኃኒት ማሸጊያ ነው፦ «ቴክ ዋን ታብሌት ትዋይስ ኤ ዴይ አፍተር ሚልስ» (አንድ ክኒን በቀን ሁለቴ ከምግብ በኋላ ይውሰዱ)። ጀማሪዎቹ የሚያውቁትን ቃል ያክብቡ፣ ይገልብጡ። መካከለኞቹ በቀን ስንት ጊዜ፣ ከምግብ በፊት ነው በኋላ የሚለውን ይመልሱ። የገፉት አንዱ ፋርማሲስት፣ ሌላው ታማሚ ሆነው ይነጋገሩ፤ «መውሰዱን ብረሳስ?» ብለውም ይጠይቁ።

«ትዋይስ» ላይ ቆም በሉ። እኛ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ እያልን እንቀጥላለን። እንግሊዝኛው «ዋንስ»፣ «ትዋይስ» ይልና ሦስት ላይ ሲደርስ ወደ «ስሪ ታይምስ» ይዞራል። ይህን በአማርኛ ማስረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በእንግሊዝኛ ብቻ ካላልኩ ብሎ ጀማሪን ግራ ማጋባት ምን ይጠቅማል?

ከዚያ ተናጋሪውን ከጸሐፊው ጋር አጣምሩ። ከዱባይ የተመለሰችው እህት ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ የምታደርገውን በእንግሊዝኛ ትናገር፤ ወጣቱ እየጠየቀ ይጻፍ። ሲጨርሱ እሷ የራሷን ቃል መልሳ ታንብበው። የምታውቀውን ስለሆነ ንባቡ አያስፈራትም። እሱም ሳይታወቀው ሲናገር ያመሻል። ጎበዙን ግን ሁልጊዜ ረዳት መምህር አታድርጉት፤ እሱም ሊማር ነው የመጣው። ቀድሞ ለሚጨርስ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ሰሌዳው ጥግ ላይ ይቆየው።

ስህተት ሲሰሙ ወዲያው የሚያቋርጡ መምህራን አሉ። ትልቅ ሰው በልጁ እኩዮች ፊት ሲታረም አንደበቱ ይዘጋል። ዝም ብላችሁ መዝግቡ፤ መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስቱን ስም ሳትጠሩ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። «ዘ» ብዙ ጊዜ ይረሳል። እኛ «ክኒኑ» ስንል ነገሩ የታወቀ መሆኑን የምታሳየውን ምልክት ከቃሉ መጨረሻ እናስገባለን፤ እነሱ ከፊት ያስቀድሟታል፦ «ዘ ታብሌት»። ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፋችሁ አሳዩ።

ተማሪዎቻችሁ ሠርተው የሚያድሩ ስለሆኑ መቅረታቸው አይቀርም። እያንዳንዱ ምሽት ለብቻው የሚቆም ትምህርት ይሁን።

ሲሰናበቱ፣ ማንበብ ያቃታቸውን አንድ ወረቀት ከቤት እንዲያመጡ ጠይቁ። የባንክ መልእክት ይሁን የዕቃ መመሪያ፣ የሚቀጥለው ትምህርት ከዚያ ይወጣል። እኒያ ከኋላ የሚቀመጡት አባት ያመጡልኝ የራሳቸውን የደም ግፊት ክኒን ማሸጊያ ነበር።