ከዝናብ በኋላ የሚፈዝ የአፕሮች መብራት፦ ችግርና መፍትሄ

ድሬ ላይ የአፕሮች መብራት (የሚያርፍን አውሮፕላን ወደ ማኮብኮቢያው የሚመራውን) ስትተክሉ መሬቱ ያታልላችኋል። አሸዋው ደረቅ ነው፤ በሜገር (ኬብሉ ወደ መሬት አለማፍሰሱን በሚለካው መሣሪያ) ስትለኩ ቁጥሩ ያምራል፤ ርክክቡም ይፈረማል። ሐምሌ ገብቶ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ግን ጉዱ ይወጣል።

አንድ መብራት ብቻ ጠፋ
አምፖሉን ቀይሩ። አሁንም ካልበራ የዚያን መብራት ትራንስፎርመር ቀይሩ።

ሁሉም ጠፋ፣ ሬጉሌተሩም (ለመስመሩ ከረንቱን ልክ አድርጎ የሚሰጠው መሣሪያ) ራሱን ዘጋ
ዋናው ኬብል ተበጥሷል። ሰሞኑን ቁፋሮ የነበረበትን ቦታ መጀመሪያ እዩ።

መሃል ያሉት ፈዘዙ፣ ዳርና ዳር ያሉት ደህና ናቸው
ሁልጊዜ የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። መብራቶቹ በአንድ ኬብል በተከታታይ የተያያዙ ናቸው። በከፍተኛው ደረጃ 6.6 አምፒር ያልፍባቸዋል። ኬብሉ አንድ ቦታ ብቻ ከመሬት ቢገናኝ ሁሉም እንደበራ ይቀጥላል። ሁለተኛ ቦታ ሲገናኝ ግን ከረንቱ በመሬት በኩል ያቋርጣል፤ በሁለቱ መካከል ያሉት መብራቶች ይፈዛሉ። ስለዚህ ብልሽቱ ሁለት ነው። አንዱን ጠግነው መብራቱ ሲመለስ ዕቃቸውን ሰብስበው የሚሄዱ አሉ። በሚቀጥለው ዝናብ መብራቱ እንደገና ይፈዛል።

ጥፋቱ ሁሌም ማለት ይቻላል ኮኔክተሩ (የኬብሉ መገጣጠሚያ) ላይ ነው። አንድ ጉድጓድ ስንከፍት ኮኔክተሩ በናስትሮ ተጠቅልሎ አብጧል። ናስትሮው ሲፈታ ጭቃ ውሃ ወረደ፤ ፒኑ አረንጓዴ ሆኗል። አብሮት የመጣው ቅባት ደግሞ ከነፕላስቲኩ፣ ሳይከፈት፣ ጉድጓዱ ውስጥ ተጥሏል! አቦ፣ ናስትሮ ብቻውን ውሃ አያግድም። ሌላው ጋ ኮንትራክተሩ በፒንሳ ጨምቆት ሽቦው ሲነካ ይወልቃል። አውሮፕላን በጨለማ የሚያርፍበት መብራት እንዲህ አይሠራም።

መፍትሄው
ሬጉሌተሩን አጥፉ፣ ቆልፉ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። በኤሌክትሪክ ላይ እያለ ዋናውን ኮኔክተር በፍጹም አትንቀሉ! ሬጉሌተሩ ከረንቱን ለመጠበቅ ቮልቴጁን ሽቅብ ይሰዳል፤ በሺዎች ቮልት ይደርሳል። ይገድላል።

የኬብሉን ሁለት ጫፎች ከሬጉሌተሩ ንቀሉ። ቀላሉ የአፕሮች መስመር ከማኮብኮቢያው ጫፍ 420 ሜትር ይወጣል፤ አግዳሚው ረድፍ 300 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ጋ ያለውን ጉድጓድ ከፍታችሁ ኬብሉን ለሁለት ክፈሉና እያንዳንዱን ወገን ከመሬት ጋር በሜገር ለኩ። መጥፎውን ወገን ደግማችሁ ክፈሉ፤ ኮኔክተሩ ጋ እስክትደርሱ። አንዱን ከጠገናችሁ በኋላ መስመሩን ሙሉውን እንደገና ለኩ።

አዲሱን ኮኔክተር ጠዋት ግጠሙ፤ ከሰዓት ነፋሱ አሸዋ ያመጣል። ሸራ አንጥፉ። እጃችሁ ንጹህ ይሁን። ፒኑን በራሱ መጭመቂያ ጨምቁ፤ ቅባቱን ቀቡ፤ ክፍተት እስኪጠፋ ግፉ። በላዩ ላይ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አልብሱት።

አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ከመፈረማችሁ በፊት ጉድጓዱን ውሃ ሙሉት፣ ይደር፣ ሲነጋ ለኩ። ደረቅ አሸዋ ላይ የተለካ ቁጥር ማስረጃ አይደለም።

የመብራቱን ምሰሶ "እንዲጠነክር" ብላችሁ በብረት አትበይዱት። አውሮፕላን ቢመታው እንዲሰበር ነው የተሠራው።

የሜገሩን ቁጥር በየወሩ መዝግቡ። እየወረደ ከመጣ መብራቱ እስኪፈዝ አትጠብቁ፤ ጉድጓዶቹን ክፈቱ።