የፈላው የደሴ ውሃ ያላጠፈው ፎይል

ከወጥ ቤት የአሉሚኒየም ፎይል ተቆርጦ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ራሱን አጥፎ ትንሽ ሣጥን የሚሆን ቅርጽ እየሠራሁ ነበር። መታጠፊያዎቹ ላይ የተለጠፈው ሲሞቅ የሚኮማተር ፖሊስታይሪን የተባለ ፕላስቲክ ነው። ውሃው ቢንተከተክም ፎይሉ ንቅንቅ አላለም።

ሙጫው ደህና ነበር፤ ችግሩ ከፍታው ነው። ፖሊስታይሪን የሚለሰልሰው 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ ግን ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከሰል መጨመር እንፋሎቱን ያበዛዋል እንጂ ውሃውን ከዚያ በላይ አያሞቀውም። ጦሳ ተራራ ሥር ባቄላ የሚቀቅሉ እናቶች ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል።

ስለዚህ ፕላስቲኩን ወደ ፒቪሲ ለወጥኩት፤ እሱ 80 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። የጠርሙስ ክዳን ማሸጊያ የሚሆነው ስስ ሽፋን ከዚህ ይሠራል። ጠርሙስ ላይ ያለው አንዴ ስለተኮማተረ አይረባም፤ ያልተነካውን ከአንድ ማር አሻጊ ነጋዴ ገዛሁ።

ዋናው ነገር አቆራረጡ ነው። ሽፋኑ በብዛት የሚኮማተረው በጠርሙሱ አንገት ዙሪያ በሚዞርበት አቅጣጫ ስለሆነ፣ ቁራጩ መታጠፊያውን በዚያው አቅጣጫ ማቋረጥ አለበት። በመርፌ ጀርባ ፎይሉ ላይ የመታጠፊያ መስመር አስምሬ፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ እኩል ርቀት ላይ የፕላስቲኩን ቁራጭ ጫፎች ብቻ አጣበቅኩ። መሃሉ ነፃ ይቀራል። ያ ነፃ ክፍል 30 በመቶ ያህል ሲያጥር ገጾቹ 90 ዲግሪ ሠርተው ይቆማሉ። ነጠላ ፎይል ስለሚጨማደድ ገጾቹን ደርቤአቸዋለሁ።

ውሃው ውስጥ ከቆየ መታጠፉ ይቀጥላል፤ ገጾቹ ቀጥ እንዳሉ በወረንጦ ማውጣት ነው።