ቤት ስትቀይሩ የልጃችሁን ጓደኞችም አትርሱ

የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣልን ቀን እኔ እልል ስል ልጄ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። 14 ዓመቱ ነበር። ከአራት ኪሎ የቀበሌ ቤት ወደ ቦሌ አራብሳ ልንሄድ ነው። እኔ ስለ ቁም ሳጥኑና ስለ ምጣዱ አስባለሁ፣ እሱ ስለ ሦስት ልጆች።

«ቴሌግራም አለ አይደል?» አልኩት።

«ኳስ በቴሌግራም አይለጋማ!»

የባዮሎጂ መምህር ነኝ እኮ። ስለ ጉርምስና ለሰው ልጅ ሳስረዳ እውላለሁ፣ የራሴን ግን አላየሁትም። ዘጠነኛ ክፍልን አዲስ ትምህርት ቤት ጀመረና ሒሳብ አሽቆለቆለ። አስጠኚ ቀጠርኩ። ብሬ ነው የባከነው። ችግሩ ሒሳብ አልነበረም፤ በእረፍት ሰዓት አብሮት የሚቆም፣ ያልገባውን ሳያፍር የሚጠይቀው ልጅ አጥቶ ነው።

እናንተ ከእኔ ስህተት ጀምሩ። የምትሄዱበትን ቀን ቀድማችሁ ንገሩት። እኔ የነገርኩት አይሱዙ ከተከራየሁ በኋላ ነው። ዕቃ ሲጫን ጓደኞቹን ጥሩ፣ ፍራሽ ይሸከሙ። አዲሱን ቤት ካዩት መንገዱን ያውቁታል።

ከዚያ የታክሲ ብር። እንደ ዘይትና ሽንኩርት የወር ወጪ ውስጥ አስገቡት። እኛ በወር ሁለት ቅዳሜ ተስማማን፦ ሲደርስ ይደውላል፣ ሳይመሽ ይመለሳል። አንዱን ቅዳሜ እሱ ይሄዳል፣ ሌላውን እነሱ ይመጣሉ።

ለአዲሶቹ ጓደኞች ደግሞ ሽሮውን አብዙት። ገና በር ላይ «የማን ልጅ ነህ?» እያላችሁ አትመርምሩ፤ ስሙን ጠይቁና አብሉት። ሲበሉ ራሳቸው ያወራሉ። ፀጉሩን ያጎፈረ የጎረቤት ልጅ ነበር፣ ገና ሳየው ሆዴ ፈራ። ለካ በጠዋት ልጄን ቀስቅሶ አውቶቡስ ሰልፍ የሚይዝለት እሱ ነው።

ፍርሃቱ ግን ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ የጋርድነርና የስታይንበርግ ጥናት አለ። ታዳጊዎች በኮምፒውተር ጨዋታ መኪና ሲነዱ፣ እኩዮቻቸው አጠገባቸው ካሉ ብቻቸውን ከሆኑበት ጊዜ ይልቅ ለአደጋ ይደፍራሉ። አዋቂዎቹ ላይ ይህ ያን ያህል አልታየም። እኔ ከዚህ የወሰድኩት፣ «ከእገሌ ጋር እንዳላይህ» ማለት ሳይሆን የት እንደሚውሉ ማወቅን ነው። ሳሎኔን ለቀቅኩላቸው። ጫጫታው ራስ ያዞራል፣ ግን እዚያው ያጠናሉም። ከክፍል መቅረት ከጀመረ፣ ምንጩ የማይታወቅ ብር ከያዘ ወይም ጫት ጫት ከሸተተ ግን ዝም አትበሉ፤ ለብቻው አስቀምጣችሁ ጠይቁት።

ባለፈው ቡሄ ሦስቱም ከአራት ኪሎ መጡ። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተቀላቅለው፣ «ትልቅ ሆነናል» እያሉ እያፈሩ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሆያ ሆዬ እያሉ ወጡ። ለስድስት ልጅ የጋገርኩት ሙልሙል ለአስራ አንድ ሆነ፤ የታችኛዋ ጎረቤቴ ጋ ሮጬ ተበደርኩ።