አንዴ አርሞ ሙሉውን የማሽን መመሪያ እንዴት ማደስ ይቻላል

ደብረ ማርቆስ ላይ ለአንድ ወርክሾፕ የበቆሎ መፈልፈያ መመሪያ እጽፍ ነበር። ሞተሩ 6.5 የፈረስ ጉልበት ሳለ 0.6 ሊትር ዘይት ይበቃው ነበር። በኋላ ወደ 13 የፈረስ ጉልበት ሲያድግ ዘይቱ 1.1 ሊትር ሆነ። እኔም አምስት ቦታ አረምኩ። ስድስተኛው ሰንጠረዥ ውስጥ ነበር፤ አመለጠኝ። ቡሬ አካባቢ አንድ ገበሬ ሰንጠረዡን አምኖ 0.6 ሊትር ሞላ። በፍልፈላው መሀል ሞተሩ ተቃጠለ። «ወረቀታችሁን አይቼ ነው እኮ» ያለኝ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ የሚቀያየር ነገር በእጅ ጽፌ አላውቅም።

መጀመሪያ ሊለወጥ የሚችለውን ሁሉ ወረቀት ላይ ዘርዝሩ፦ ሞዴል ቁጥር፣ የዘይት መጠን፣ የጥገና ስልክ፣ የእትም ዓመት።

እኔ የምሠራው በሊብረ ኦፊስ ራይተር ነው። ነፃ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ከማይክሮሶፍት ወርድ ይልቅ ይመቸኛል። ወርድ ላይ ሁሉንም መርጣችሁ ኤፍ9 ብትጫኑ እንኳ የገጹ ራስጌ ላይ ያለው አይታደስም። ራይተር ላይ ኮንትሮልና ኤፍ2 ተጫኑ፤ ቫሪያብልስ፣ ቀጥሎ ዩዘር ፊልድ (ዋጋውን አንዴ ሰጥታችሁት በየቦታው የሚታይ ተለዋዋጭ) ምረጡ። ፎርማቱን ቴክስት አድርጉት። ስሙን ያለ ክፍተት «ዘይት» በሉት፣ ዋጋውን «1.1 ሊትር»፤ ከዚያ መጠኑ በሚጻፍበት ቦታ ሁሉ አስገቡት። ሊትሩን እዚያው ውስጥ መጻፍ ይሻላል፤ ነገ መለኪያው ራሱ ሊቀየር ይችላላ። መጠኑ ሲለወጥ እዚሁ መስኮት ተመልሳችሁ ዋጋውን ቀይሩና አጠገቡ ያለችውን የ«✓» ምልክት ተጫኑ። በቃ፣ ሁሉም ቦታ ይቀየራል።

ዋናው ጣጣ ያለው አማርኛችን ላይ ነው። የማሽኑን ስም «መፈልፈያ» ብላችሁ በተለዋዋጭ አስገባችሁ እንበል። ከኋላው «ው» ስትጨምሩ «መፈልፈያው» ይላል፤ ያምራል። ያንኑ መመሪያ ጣና ዳር ላሉ አትክልት አምራቾች ወደ ውሃ ፓምፕ ስትገለብጡት ግን ገጹ ሁሉ «ፓምፕው» ይሆናል። «ፓምፑ» ለማለት የመጨረሻው ፊደል ራሱ መለወጥ አለበት፤ ፕሮግራሙ ይህን አያውቅም። ብዙ ቁጥርም ያው ነው፤ «መፈልፈያዎች» ልክ ሆኖ «ፓምፕዎች» ይመጣል።

ከፊት የሚለጠፉት «የ»፣ «በ»፣ «ለ» ችግር የለባቸውም። «ን»ም ከኋላ በደህና ይገባል። ለሌላው የእኔ መፍትሔ ቀላል ነው፦ ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ «ማሽኑ» ብላችሁ በእጅ ጻፉ፤ የዕቃው ስም በተለዋዋጭ የሚገባው ርእስና ሽፋን ላይ ብቻ ይሁን። «ማሽኑ 1.1 ሊትር ዘይት ይፈልጋል» የሚለው ለመፈልፈያም ለፓምፕም ይሆናል።

ቀጥሎ የገጽ አቀማመጥ። ኤፍ11 ተጫኑና የገጽ ስታይሎችን (የገጽ ቅርጽ የሚወስኑ ቅጦችን) ክፈቱ። ለሽፋን፣ ለመደበኛ ገጽና ለአግድም ሥዕል አንዳንድ ስታይል ይበቃል። የመደበኛው ራስጌ ላይ ሞዴሉንና የእትም ዓመቱን በዩዘር ፊልድ አስገቡ፤ ስታይሉን የያዘ ገጽ ሁሉ ያንኑ ያሳያል። ዓመቱን በራሱ በሚሞላ የቀን ፊልድ አታስገቡ። የፈረንጆቹን ይጽፍባችኋል፣ ገበሬው ደግሞ የሚቆጥረው በእኛው ነው።

ከማተም በፊት ኮንትሮልና ኤፍ9 ተጫኑ። ተለዋዋጭ በገባበት ቦታ ሁሉ ስሙ ይታያል። አሁን ሰንጠረዦቹን አንድ በአንድ እዩ። የዘይት ቦታ ላይ የተለዋዋጩ ስም ሳይኖር ቁጥር ብቻ ከታያችሁ፣ እሱ በእጅ የተጻፈ ነው።